ለማየት ወይስ ለመታየት?

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ተራ ዕቃ ነው፤ ስለ መነጽር። ከእሱም ጋር ስለ ተቀናቃኙ፣ ይኸውም በቀጥታ ዓይን ላይ ስለሚደረገው ስስ ኮንታክት ሌንስ እናነሳለን። "ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ የሐኪምና የኪስ ጉዳይ ይመስላል። ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። በቤታችን የደረሰ አንድ ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ እንዳለ አሳየኝ።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ፣ ከእኛ ዘንድ ሆና ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሩቅ ያለ ነገር ይደበዝዝባታል። መነጽር ከታዘዘላት ሦስት ዓመት ሆኗል፤ መነጽሩ ግን ከፊቷ ይልቅ ቦርሳዋን ለምዷል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ ደብተር ትገለብጣለች። መንገድ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ነበር። የሰፈር እናቶች ከማዶ ሆነው እጃቸውን ሲያነሱላት አታይም፤ ስለማታይም ሰላም ሳትላቸው ታልፋለች። "ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ኮራች" የሚል ሐሜት እየተንከባለለ እህቴ ጆሮ ደረሰ። ልጅቷ ግን አልኮራችም፤ አፍራ ነበር።

አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ "አጎቴ፣ መነጽሩን ልተወውና ሌንስ ልልመድ" አለችኝ። ምክንያቷን ጠየቅኋት። "ከሒጃቤ በታች ጆሮዬን ይጫነኛል፤ ሱጁድ ስወርድ ይንሸራተታል፤ ትኩስ ሻይ ስጠጣ እንፋሎት ይጋርደዋል" ብላ ደረደረች። ሁሉም እውነት ነው። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ግን ዋናውን ተናገረች፦ "ደግሞም መነጽር ሳደርግ ሰው የሚያየው መነጽሩን ነው፤ እኔን አያየኝም።"

እኔም እንደ አጎት ወግ ምክሬን አዥጎደጎድኩት። የመልክ ውበት አላፊ እንደሆነ፣ "ሰው ምን ይለኛል" ማለት ባርነት እንደሆነ፣ አላህ በሰጠን ነገር ማፈር እንደማይገባ፣ ሌላም ሌላም ተናገርኩ። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ፤ ትክክለኛ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበርና።

ከፖስታው ላይ ያላነበብኩት ቁጥር

ከዚህ በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ለእናቴ አዲስ የደም ግፊት መድኃኒት ታዞላት ነበር። መጠኑ በትንሿ የመድኃኒት ፖስታ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ፖስታውን ክንዴ እስከሚደርስበት ድረስ ዘርግቼ አየሁና ሙሉ አንድ ፍሬ ሰጠኋት። በማግስቱም እንዲሁ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ለሱብሒ ስትነሳ ዞረባት፤ የበሩን መቃን ይዛ ባትቆም ኖሮ ትወድቅ ነበር። በዚያ ዕድሜ መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ አረጋዊ በቤቱ ያለው ሰው ያውቀዋል።

የእህቴ ልጅ ፖስታውን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እሷ የሚያስቸግራት ሩቁ እንጂ ቅርቡ አይደለም፤ ለዚህ መነጽር አላስፈለጋትም። "አጎቴ፣ እኮ ግማሽ ፍሬ ነው የሚለው" አለችኝ። እኔ ከላይ ያለውን አንድ ቁጥር አይቼ ከሥሩ ያለውን ሁለት አላየሁትም ነበር።

"መብራቱ ደካማ ነበር" አልኳት። መብራቱ ደህና ነበር።

እውነቱን ልናገር። 48 ዓመቴ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በዓይናችን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ እየደረቀ፣ ቅርብ ያለውን ለማየት ቅርጹን መለወጥ እያቃተው እንደሚሄድ አንብቤያለሁ። ይህ በሰው ልጅ ሁሉ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ "የዘንድሮ ጋዜጣ ፊደሉ አነሰ" እያልኩ ቆየሁ። ቁርአን የምቀራውም ትልቅ ፊደል ካለው ቅጂ ብቻ ሆነ። የማንበቢያ መነጽር ያልገዛሁት ገንዘብ አጥቼ አልነበረም። "አረጀ" እንዳልባል ነበር። ያቺን ልጅ "የሰው ዓይን ባሪያ አትሁኚ" እያልኩ ስመክር እኔ ራሴ በዚያው ገበያ የተሸጥኩ ባሪያ ነበርኩ። እሷ ሩቁን፣ እኔ ቅርቡን ማየት ተስኖን ሳለ ሁለታችንም አጥርተን የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም የሰው ዓይን ነው።

ጉድለትን መሸሸግ ነውር ነውን?

ለመሆኑ ሰው ጉድለቱን ቢሸሽግ ምን አለበት? በመሠረቱ ምንም የለበትም። ጠባሳውን በልብሱ የሚሸፍን፣ ሕመሙን ለጎረቤት ሁሉ የማይነግር ሰው አላጠፋም። ገመናን መሸፈን የጨዋነት ወግ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ የማይታይ ሌንስ መፈለጓ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ እኔም በዚህ መንገድ መገሠጼ ስህተት ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው ሽፋኑ የተሸፈነውን ነገር ሥራ ሲያስፈታ ነው። ዓይን የተሰጠን ልናይበት ነው። ደግሞም የምናየው ለራሳችን ብቻ አይደለም። የታክሲ ሾፌር የሚያየው ለተሳፋሪው ጭምር ነው፤ አስተማሪ ለተማሪው፣ ልብስ ሰፊ ለደንበኛው፣ ልጅ ለአረጋዊት እናቱ ጭምር ያያል። ዓይናችን በዚህ ትርጉሙ አማና ነው። እኔ "አረጀ" እንዳልባል ስል የከፈልኩት ዋጋ ከእኔ ኪስ አልወጣም፤ የእናቴ ጉልበት ነው የከፈለው። ያቺም ልጅ በእነዚያ እናቶች ልብ ውስጥ ያኖረችው ቅሬታ ነበር። ሐፍረታችን የግል ነው ብለን እናስባለን፤ ዕዳው ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ይተርፋል።

ሐፍረቱን ማን አመጣው?

እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ965 አካባቢ (እ.ኤ.አ.) በስራ ውስጥ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም "ኪታቡል መናዚር" የተባለውን መጽሐፉን ያዘጋጀው ከ1011 እስከ 1021 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ገደማ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ዓይን ከውስጧ ጨረር እየላከች ነገሮችን ታያለች ይሉ ነበር። እሱ ግን የምናየው ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይናችን ሲገባ መሆኑን በማስረጃ አስረዳ። መጽሐፉ በ1200 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ስለ ብርሃን የሚመራመሩ ሰዎች መመሪያ ሆነ። በዚያው ምዕተ ዓመት መገባደጃ፣ በ1286 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ፣ በጣልያን አገር የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች ተሠሩ። የተሠሩትም ለእንደ እኔ ያሉ፣ ቅርብ ማንበብ ላቃታቸው ሰዎች ነበር። በ1352 (እ.ኤ.አ.) በጣልያኗ ትሬቪሶ ከተማ የተሣለ አንድ ሥዕል መነጽር አድርጎ የሚያነብ የሃይማኖት ሊቅ ያሳያል። ሠዓሊው መነጽሩን የሣለው ሊቁን ለማሳነስ አልነበረም።

እኛስ ዘንድ ቢሆን? በአማርኛችን "አራት ዓይና" ማለት ሊቅ ማለት ነው። ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው ኪታብ ላይ ያጎነበሱ ሸኽ ስናይ ክብር ይሰማናል እንጂ አንስቅም። ታዲያ መነጽር በአዛውንት አፍንጫ ላይ ዕውቀት፣ በወጣት ሴት አፍንጫ ላይ ግን ጉድለት የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው? ልጅቷ ለጋብቻ ስትታሰብ "ዓይኗን ያማታል እንዴ?" ብለው በሹክሹክታ የሚጠይቁት እነማን ናቸው? "መነጽር ካደረግሽ ዓይንሽ ይብሱን ይደክማል" ብለው ከሐኪሙ በላይ ሐኪም የሚሆኑትስ? በትክክል የታዘዘ መነጽር ዓይንን አያደክምም። መነጽሩን ስታወልቅ ብዥታው የባሰ የሚመስላት አሁን ጥሩ ማየት ምን እንደሆነ ስላወቀች ነው። ያቺ ልጅ መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ የደበቀችው ብቻዋን አልነበረም። እኛም አብረን ደብቀንላታል።

መልመድ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ሌንሱ እንመለስ። የጀርመን ተወላጁ ሐኪም አዶልፍ ፊክ በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ከተማ በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከብርጭቆ የተሠራ ሌንስ መጀመሪያ በጥንቸል፣ ቀጥሎ በራሱ ዓይን ላይ ሞከረ። ያ ሌንስ ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚቻል አልነበረም። ዛሬ የምናውቀውን ለስላሳ ሌንስ በሚሽከረከር መሣሪያ የሠራው የቼኮስሎቫኪያ ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ በቤቱ ውስጥ፣ ከልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ ባሰናዳው መሣሪያ ነበር የሠራው። ለሰው ዓይን ብለው የደከሙ ሰዎች ነበሩ፤ ድካማቸውን ከንቱ የውበት ነገር ነው ብለን ማቃለል አይገባንም።

ደግሞም ሌንስ ያደረገን ሰው ሁሉ "ለውበት ነው" ብሎ መፈረጅ ትልቅ ስህተት ነው። የዓይን የፊተኛው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል፣ ይኸውም ኮርኒያ፣ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ የሚወጣባቸው ሰዎች አሉ። ሕመሙ ሲጠና መነጽር አይበቃቸውም፤ የሚያዩት በጠንካራ ሌንስ ነው። የሁለት ዓይናቸው ቁጥር እጅግ የተራራቀባቸውም አሉ። ፊቷን በኒቃብ የምትሸፍን እህት ትንፋሿ መነጽሯን ሲጋርደው በመንገድ ላይ የምትቸገረው ችግር ቀላል አይደለም። የሰውን ኒያ ከውጭ ሆኖ መመዘን አይቻልም።

ይሁንና ሌንስ የራሱ ሕግ አለው። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ከአየርና ከእንባ ነው። ሌንስ ደግሞ በመካከል ይቆማል። ስለዚህ ለሌሊት ተብሎ በሐኪም ካልታዘዘ በስተቀር ሌንስ አድርጎ መተኛት ዓይንን ለከባድ ቁስለት በብዙ እጥፍ ያጋልጣል። ሌንስ ከውሃ ጋር መገናኘት የለበትም፤ የቧንቧም ይሁን የጉድጓድ ውሃ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ስላሉት ብርሃን እስከማሳጣት የሚያደርስ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በምራቅ ማራስማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። መያዣ ዕቃውም ቢያንስ በየሦስት ወሩ መቀየር አለበት።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በውዱእ ፊትን ማጠብ ግዴታ ነው፤ የዓይንን ውስጥ ማጠብ ግን ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ለውዱእ ሲባል ሌንስ ማውጣት አያስፈልግም፤ ፊትን ሲታጠቡ ዓይንን መጨፈን ይበቃል። በተቃራኒው ደግሞ "ውዱእ አለኝ፤ እጄ ንጹሕ ነው" ብሎ በእርጥብ ጣት ሌንስ መንካት አይገባም። ለሌንስ የሚሆነው እጅ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ የደረቀ እጅ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በበጋ አቧራ፣ ማጠቢያ ፈሳሹን በየጊዜው ለመግዛት በሚያስጨንቅ ኑሮ ይህን ሁሉ በየቀኑ መጠበቅ ትጋት ይጠይቃል።

"ልልመድ" ያለችውን ቃል ደጋግሜ አሰብኩበት። ለመነጽርም ለሌንስም መልመድ አለ። አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው ለጥቂት ቀናት ወለሉ የዘመመ ይመስለዋል፤ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ይጠራጠራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። ሌንስም በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨመር እየተደረገ ይለመዳል። ነገር ግን መልመድ ማለት ሕመምን መቻል ማለት አይደለም። ዓይን ቢቀላ፣ ቢቆረቁር፣ ብርሃን ቢያስፈራው ወይም እይታው ቢደበዝዝ ሌንሱን ወዲያው አውጥቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌንስ ያወጣ ሰው ለማየት መነጽር ማድረግ አለበት። ሌንስ የሚለምድ ሰው ሁሉ መነጽርም ሊኖረው ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው። ከመነጽር ሸሽታ ወደ ሌንስ የሄደች ልጅ ግን ዓይኗ በሚቀላበት ቀን ምን ታደርጋለች? ክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቿ ፊት፣ ሌንሱን አውጥታ ያንን የደበቀችውን መነጽር ታደርጋለችን? አታደርግም። "ትንሽ ልቻለው" ትላለች። ከሐፍረት ሽሽት የተያዘ ሌንስ መቼም የማይወልቅ ሌንስ ይሆናል፤ የማይወልቅ ሌንስ ደግሞ ለዓይን ጠላት ነው። መነጽሩን ያለ ሐፍረት ማድረግ የምትችል ልጅ ግን ሌንስ ብታደርግ ብታወልቅ ነፃ ናት። ስለዚህ ለያቺ ልጅ ልሰጣት የሚገባኝ ምክር "ሌንስ አታድርጊ" የሚል አልነበረም። "መጀመሪያ መነጽሩን ልመጂ፤ ከዚያ የወደድሽውን ምረጪ" የሚል ነበር። ይህንንም ለመናገር መጀመሪያ እኔ ራሴ መነጽር ማድረግ ነበረብኝ።

የምርጫ ዕድል የሌላቸው

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የእይታ ችግር እንዳለባቸውና ከእነዚህም ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር መከላከል ይቻል የነበረ ወይም ገና መፍትሔ ያላገኘ መሆኑን ገልጿል። በአገራችን በ2005 እና በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ደግሞ ከዝቅተኛ እይታ መንስኤዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ችግር መሆኑን አሳይቷል። በባንግላዴሽ ገጠር ለሸማኔዎች፣ ለልብስ ሰፊዎችና ለመሰሎቻቸው የማንበቢያ መነጽር ተሰጥቶ የተደረገና በ2024 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት መነጽር ያገኙት ሰዎች ገቢ ካላገኙት በ33 በመቶ ያህል በልጦ እንደተገኘ ገልጿል። አንዲት ርካሽ መነጽር የእንጀራ ጉዳይ ናት ማለት ነው። መርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቅቷት ሥራዋን የተወች እናት ባለችበት አገር፣ የታዘዘልንን መነጽር ቦርሳ ውስጥ ማኖር የተሰጠንን ጸጋ እንደ መቅበር ነው።

ከዚያ በኋላ

ልጅቷን ይዤ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድኩ፤ ሁለታችንም ተመረመርን። የእኔ መነጽር አሁን በአንገቴ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስጊድ ስገባ ወደ ሸሚዜ ውስጥ እከተው ነበር፤ አሁን ትቻለሁ። ለሶላት ሲሆን አውልቄ ከምንጣፉ ጎን አኖረዋለሁ፤ ግንባሬም አፍንጫዬም ያለ ችግር መሬት ይነካሉ። የእናቴን የመድኃኒት ፖስታ ሳላነበው፣ በልጅቷም ሳላስነበበው አንድ ፍሬ አልሰጥም።

እሷ መነጽሯን በየቀኑ ታደርጋለች። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ፈቅዶላት ሌንስ መልመድ ጀምራለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት። አንድ ቀን ከክፍል መልስ መነጽር አድርጋ ስትገባ "ጠዋት ሌንስ አልነበረም እንዴ?" አልኳት። "ቆረቆረኝ፣ አወጣሁት" አለችና ወደ ጓዳ አለፈች። ይህን የተናገረችው እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ያን ቀን ልጅቷ የለመደችው ምን እንደሆነ ገባኝ።

በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን የሰፈር እናቶች ከማዶ ሆና ቀድማ በስማቸው እየጠራች ሰላም ብላቸዋለች። "ይቺ ልጅ ተመለሰች" አሉ አሉ። የሄደችበት አልነበረም።

እናቴ ሁለታችንንም መነጽር አድርገን ከቡናው ፊት ተቀምጠን ባየችን ጊዜ ለረጅም ሰዓት አስተዋለችንና "እናንተማ ዘንድሮ ዓይን አወጣችሁ" ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ይህን ገጽ ክንድህን ዘርግተህ እያነበብከው ከሆነ፣ አንቺም መነጽርሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከሆነ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ያንን ሐፍረት ከእናንተ ሌላ እየከፈለው ያለው ማን ነው?